ለጨዋታ የሚገዛ አንገት

ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ብርድ ሲሆን የሚነሳብዎት ጉልበትዎ ዘንድሮ ምሕረት አደረገልዎት? እናቴስ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ «ተሻለኝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ስለ አንገቴ ነው።

ባለፈው የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ታናሽ እህቴ መቼም ምላሷ አያርፍ፤ ለእሷ ብቻ የነገርኳትን በማግስቱ ይዛልዎት መጣች። «አንገትሽ ታሞ ሳለ ለጨዋታ የሚሆን አንገት ልትገዢ ነው አሉ፤ ለመሆኑ ዕድሜሽ ስንት ሆነ?» ሲሉ ሰምቼ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው፤ ያውቁታል። ነገሩን በእሷ አፍ ከሚሰሙት ግን እኔው ከሥሩ ብነግርዎት ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

አውቶቡሴን ፌርማታ ላይ አቁሜ ተሳፋሪ ሳወርድ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ እንደገጨኝ ያውቃሉ። አጥንቱ ድኗል። ወደ ግራ መዞር ግን አንገቴ እምቢ አለኝ። የድርጅቱ ሐኪም «ወደ ግራ ቢያንስ ሃምሳ ዲግሪ ካልዞርሽ መሪ አትይዢም» ብሎ ከሁለት ወር በኋላ ለፈተና ቀጠረኝ። ያን ፈተና ካላለፍኩ ሹፌርነቴ በዚያው ያበቃል። እስከዚያው ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ የሚጠበቅበት ክፍል አስቀምጠውኛል። ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር ስመዘግብ እውላለሁ። የጥርሱ ባለቤት እስካሁን ብቅ አላለም፤ በምን እያኘከ እንደሚኖር እንጃ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ። ካቻቢቴ ከጆሮው ላይ ስለማይለይ እኛም «ካቻቢቴ» እንለዋለን። መሪ እንደናፈቀኝ አይቶ አሮጌ ኮምፒውተሩንና የጨዋታ መሪውን ሰጠኝ። ጨዋታው ተሳቢ መንዳት ነው። አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የነዱት ዓይነት፣ ዳገቱም ጭነቱም ያለበት። ክፋቱ፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ ጎንዎን ለማየት ቁልፍ መጫን አለብዎት። «ሹፌር በጣቱ ያያል እንዴ?» ብዬ ሳማርር ካቻቢቴ ያንን ዕቃ ይዞልኝ መጣ።

ዕቃው ኮፍያ ላይ የሚሰካ፣ ሦስት ትንንሽ መብራት ያለው ነገርና ስክሪኑ አናት ላይ የምትቀመጥ ካሜራ ነው። ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ ካሜራዋ ትከተልና በጨዋታው ውስጥ ያለው እይታ አብሮ ይዞራል። የሚገርመው፣ ሙሉ በሙሉ መዞር አያስፈልግም። ዓይንዎ ከስክሪኑ ሳይነቀል አሥር ዲግሪ ያህል ዘወር ቢሉ፣ እሱ አባዝቶ እስከ ጎን መስኮቱ ድረስ ያሳይዎታል። «ሁለት ሳምንት ሞክሪው፤ ከወደድሽው በግማሽ ዋጋ ውሰጂው፣ ካልሆነ ትመልሺልኛለሽ» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ለጨዋታ ከሆነ ዋጋው ሲያንሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ያን ሁሉ ርዝመት ያለው ተሳቢ ወደ ኋላ እየነዳሁ መጋዘን በር ውስጥ በአንድ ጊዜ አስገባሁት። ከአደጋው ወዲህ በግራዬ ያለውን ነገር ሳላቃስት ያየሁት ያን ዕለት ነበር። ሆዴ ባብቶ አለቀስኩ፤ አንገቴ የዳነ መሰለኝ። ልገዛው ነው ብዬ ለእህቴ የነገርኳትም ያኔ ነው።

በአሥረኛው ቀን ሰው ጎደለና የስምሪት ኃላፊው «እስቲ ያችን አውቶቡስ ከእጥበት ቦታው አውጪልኝ፤ አጠገብሽ እቆማለሁ» አለኝ። ከግቢ ስለማልወጣ ተፈቅዶልኝ ነው። እግሬ መሬት አልነካም። መሪውን ያዝኩ፣ ስፖኪዮውን አየሁ፣ ወደ ግራ ዞሬ አየሁ፣ ተነሳሁ። ወዲያው ኃላፊው «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ፍሬን ረገጥኩ። በግራ በኩል አጣቢው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል፤ ባልዲው ጎማው ሥር ተጨፍልቋል።

አባባ፣ ዞሬ አየሁ ስልዎት እየዋሸሁ አይደለም። ያየሁ መስሎኝ ነበር። ጭንቅላቴን ያዞርኩት ግን ለጨዋታው እንደማዞረው ያህል፣ ዘወር ማለት ብቻ ነው፤ ዓይኔ ከፊት መስታወቱ አልተነቀለም። አንገቴ በአሥር ቀን ውስጥ ትንሽ ዞሮ የቀረውን ለሌላ መተው ለምዷል። ክው አልኩ። ሞተሩን አጥፍቼ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አጣቢው ራሱ መጥቶ «ባልዲ ነው እኮ እህቴ፣ ባልዲ ይተካል» አለኝ። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ የእረፍት ቀኔ ነበር። ዕቃውን ልመልስ ልነቅለው ስል፣ እስከዚያ ቀን ልብ ያላልኩትን አንድ ነገር አየሁ። ማስተካከያው ገጽ ላይ፣ ከጥጉ፣ ጭንቅላቴ ስንት ዲግሪ እንደዞረ በቁጥር ይጽፋል። ማባዣውን አጠፋሁት። ስልኬን ስክሪኑን እንዲቀርጽ አቁሜ፣ ያለ የሌለ ኃይሌን አውጥቼ ወደ ግራ ዞርኩ። ቀረጻውን ስከፍተው ሠላሳ አንድ ይላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የምትለካኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በመሃሉ ባሉት ስድስት ቀናት ራሴን ስሸነግል ከርሜያለሁ። ቁጥሩ ግን አልሸነገለኝም።

ስለዚህ ገዛሁት። ካቻቢቴ ገንዘቡን ሊቀበል ክፍሌ ሲመጣ፣ ጨዋታውን እዚያው ፊቱ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት፤ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው አቀረቀረ። «ጨዋታ የሌለው የጨዋታ ዕቃ ምን ይረባሻል?» አለኝ። እንዲህ ይረባኛል፦ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት፣ ባለሙያዋ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ እለካለሁ። ያማል። አንዳንዴ እንባዬ እስኪመጣ ያማል፤ ጥርሴን ነክሼ እዞራለሁ። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ደርሻለሁ። ለፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ አሥራ አራት ዲግሪ ይቀረኛል።

የፈተናው ቀን ሃምሳ ካልሞላሁ፣ ሐኪሙን «አንዷን ዲግሪ እለፈኝ» ብዬ አልለምነውም። ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክባለሁ። ያየሁ እየመሰለኝ የሰው ልጅ ጭኜ አልሄድም። እንዲህ ስልዎት ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስልዎት፤ ሃምሳ እሞላለሁ። መቆጣት ካማረዎት ይቆጡኝ፣ ዕቃው ግን አይመለስም።

ለታላቅ ወንድሜና ለባለቤቱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የሕፃኑን ፎቶ አይቻለሁ፤ ግንባሩ ቁርጥ እርስዎን ነው። ልብስ ሰፊዋን አክስቴን፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል ይበሉልኝ። ወሬ አቀባይዋን እህቴን በአንድ በኩል ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ በሌላ በኩል ጆሮዋን ይቆንጥጡልኝ። እናቴን ደግሞ ጥብቅ አድርገው ይሳሙልኝ። ስለ አንገቴ ስትጠይቅዎ «ደህና ሆናለች» ብለው አይሸፋፍኑላት። ሠላሳ ስድስት ደርሳለች ብለው ቁጥሩን ይንገሯት።

ሹፌሯ ልጅዎ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.