የጋሽ ሙላት ብር በካርቶን ውስጥ

ሰኞ

ዛሬም ሁሉም ፎቶ ውስጥ እኔ አለሁ፤ ብሩ እንደ መስታወት መልሶ ያሳየኛል። አምባሩ ሆድ ላይ ጥቁር ሻሼ፣ አልቦው ላይ ስልክ የያዘው እጄ፣ ትልቁ መስቀል ላይ ደግሞ የሱቄ በርና ደጅ የቆመው ባጃጅ ሳይቀር። ዕቃው ራሱ አይታይም።

አዲስ አበባ የጌጣጌጥ ሱቅ ያለው ሰውዬ ቃሉ ግልጽ ነው። «እስከ ዓርብ ጥሩ ፎቶ ላኪልኝ፤ ከኋላው ነጭ ይሁን፣ ጥላ አይኑረው። ከወደድኩት ሁሉንም እወስዳለሁ።» ካልወደደው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ብር አቅላጩ ይመጣል። እሱ ፎቶ አይጠይቅም። በሚዛን ይወስዳል።

ብሩን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ጌጥ አድርገው የሚሠሩት አንጥረኛው ጋሽ ሙላት ናቸው። አገር ጎብኚ ወደዚህ መምጣት ካቆመ፣ ሙሽሮቹም ወርቅ ቅብ ካሉ ወዲህ ሥራቸው መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ቢቀልጥ እኔ የገዛሁበትን አገኛለሁ። የእሳቸው ልፋት ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ አናነሳውም።

ማክሰኞ

ሣጥን ሠራሁ። የሳሙና ካርቶን፣ ቢላ፣ ፕላስተር። ሦስት ጎኑን ከፍቼ በሩዝ ጆንያ ሸፈንኩት። ነጭ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ፎገራ ላይ ደግሞ የሩዝ ጆንያ የሚያጣ የለም። በግራና በቀኝ በቻርጅ የሚሠሩ መብራቶች አቆምኩ።

ጥላው ጠፋ። በእሱ ፈንታ የጆንያው ሽመና በየአምባሩ ላይ ተሰመረ። ትልቁ መስቀል ላይማ ጆንያው ላይ የታተመው «50 ኪሎ» ተገልብጦ ወጣ።

ጎረቤቴ ከድር፣ ልብስ ሰፊው፣ ስልኩን ተቀብሎ አየና «እቴ ዘይነባ፣ መስቀል በኪሎ መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ

ዝናብ። መብራት የለም፤ የሣጥኑን መብራቶች ትናንት ቻርጅ ማድረጌ በጀኝ። ከቁሐር ሚካኤል በኩል ውኃው መንገዱን ሞልቶታል አሉ፤ ገበያተኛ አልመጣም። ጊዜ አለኝ ማለት ነው።

ጆንያውን አንስቼ ለከፈን ከምሸጠው አቡጀዲ ቆርጬ ወጠርኩ። ጽሑፍ የለውም፣ መስመር የለውም። ፊት ለፊቱንም ሸፍኜ ለስልኩ ዓይን ብቻ ቀዳዳ ተውኩ። እኔ ከፎቶው ወጣሁ! ቀዳዳዋ ግን በየዕቃው መሃል እንደ ዝንብ ጥቁር ሆና ቀረች። ጫፍ ጫፉ ደግሞ እንደ መብረቅ ይበርቅና ቅርጹን ይውጠዋል።

ጋሽ ሙላት ከዝናብ ሊጠለሉ ገብተው ሣጥኑን ዞረው አዩት።

«ይኸ ጨርቅ የመግነዝ አይደለም?»

«ነው ጋሼ። ሌላ ነጭ አጣሁ።»

«እንግዲያ ሳይሞት ገነዝሽው በይኛ።»

እየቀለዱ ነው መሰለኝ። ሲወጡ ብሩን ይዘውት ሄዱ፤ ነጸብራቁ አስቸገረኝ ስላቸው ቆሽሿል ያልኩ መስሏቸዋል።

ሐሙስ

በሎሚና በአመድ ወልውለው አመጡት። ሳይወለወል ከእጃቸው የወጣ ዕቃ የለም፤ ለፎቶ ሲሆንማ እንዴት ይቀራል! አሁን ዓይን ይወጋል።

«ጋሼ፣ ችግሩ ማብራቱ ነው እኮ። ማደብዘዝ አለብን።»

«አብርቼ ያመጣሁትን አደብዝዝ ትይኛለሽ? ለገዢ ነው የምታሳይው ወይስ ከሌባ ልትደብቂው?»

ተቆጥተው ሄዱ። እኔ የሩዝ ዱቄት በጥጥ እየነካሁ በስሱ ነሰነስኩበት። ነጸብራቁ ሞተ። ጥቁሯ ነጥብ የለችም። እያንዳንዷ የተቀረጸች ሐረግ፣ እያንዳንዷ የመዶሻ ምት ትታያለች። ሁሉንም አነሳሁ፤ ላክሁ። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል። ለከድር ሻይ ጋበዝኩት።

ዓርብ

የአዲስ አበባው ሰውዬ ደወለ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ እኔ ብር ነው ያልኩሽ። ይኸ የድስት አሉሚኒየም ነው።»

«ብር ነው። እንዳያንጸባርቅ ብዬ የሩዝ ዱቄት ነስንሼበት ነው።»

«ብር ከሆነ ዱቄት ምን ያደርግለታል? ምኑን ልትሸፍኚ ነው?» አለኝ።

ቅቤ የምትገዛ ሴት ጣቷን እስከ ታች የምትሰደው፣ ጤፍ ገዢ ከጆንያው ሥር የሚዘግነው ለምን ሆነና? ላዩ የተነሰነሰበት ዕቃ ቢያቀርቡልኝ እኔም አልገዛም። ዕድሜዬን ስነግድ የኖርኩትን ሴት አንድ ፎቶ ይህን አስረሳኝ።

ዱቄቱን ጠርጌ የሰኞዎቹን፣ እኔ ያለሁባቸውን የሚያብረቀርቁትን ላክሁለት። ሱቅ እስክዘጋ አላያቸውም።

ቅዳሜ

አቅላጩ መጣ። አንዱን አልቦ ፋቅ አድርጎ አየና «ንጹሕ ብር ነው። ማን ሠራው?» አለ። ጋሽ ሙላት በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አልመለሱለትም። ከቦርሳው እንዲገባለት ሁሉንም ሊጠፈጥፍ መዶሻ አወጣ።

«አንተ ተው» አሉት። «መጥፎ ምት ትመታዋለህ። እኔ አለሁ።»

የራሳቸውን መዶሻ ከቤት አምጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። አምባሮቹን፣ አልቦዎቹን አንድ በአንድ። ትልቁን መስቀል መጨረሻ ላይ አነሱት፤ ተሳለሙት፤ መቱት። እኔ ስልኬን አየሁ። ከአዲስ አበባ ምንም የለም። ተመዘነ፤ አቅላጩ ከፍሎ ሄደ።

«ሰኞ የምሠራው ብር ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ ጋሽ ሙላት እጃቸውን እያራገፉ።

ገንዘቡ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ክረምት ነው፤ አሁን የሚሸጠው ቦት ጫማና ፕላስቲክ ነው። «እናያለን ጋሼ» አልኳቸው። እኔ እናያለን ካልኩ እምቢ ማለቴ መሆኑን ወረታ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

«በይ እስከዚያ ይቀመጥልኝ» ብለው መዶሻውን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ።

ከባድ ነው መሰለኝ። ካስቀመጡበት አላነሳሁትም።