ወንድምህ ያልቀመሰው የሐረግ ሥር

የልጆቼ አባት ሐሚድ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ እናገራለሁ፣ ቁርኣን የሚያስተምረው የመንደራችን ፈቂ ይጽፋል። አንዳንዱን ቃል ሲሰማ ብዕሩን አንስቶ ያየኛል። ጻፍ እለዋለሁ።

ወንድምህ ኢድሪስ ያደረገብህን ከእኔ አፍ ስማው። ግብር ሰብሳቢዎቹ ሸክም የሚሸከምላቸው ሰው ሲፈልጉ ተራው የእሱ ነበር። እሱ ጎተራ ውስጥ ተደበቀና ንዳድ የሚያንቀጠቅጥህን አንተን አስጠቆመ። ሸክሙን እንደተሸከምክ መንገድ ላይ ሞተህ ቀረህ። ሐዘንህ ሳይወጣ ደግሞ የማሽላውን መሬት ወሰደብኝ። የተወልን ሐረግ የዋጠውን የወንዝ ዳር ማሳ ብቻ ነው። እሱን ብሉ አለን። አላህ የእጁን ይስጠው!

በላነው እኮ! ያንን ሐረግ መቼም አትረሳውም፤ ቆረጥነው ስንል በሌላ በኩል የሚወጣውን፣ ማሽላውን አንቆ የሚጥለውን፣ ስትሰድበው የምትውለውን። በዚያ የረሃብ ዓመት ሥሩን ቆፍረህ አመጣህ፤ ልጠን ከትፈን በቅርጫት ወንዙ ውስጥ ነከርነው። መርዙ ሳይወጣለት ቸኩለህ ብትቀምስ ከንፈርህ አብጦ መናገር አቃተህ። ሞኜ! እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ አንተ በእጅህ ትሳደብ ነበር። አሁንም እንደዚያው ውሃው ጥርት እስኪል እነክረዋለሁ፤ ቀቅዬ ከባሚያ ወጥ ጋር ለልጆችህ አቀርባለሁ። ትንሿ ሐዋ ወፍራለች፣ ብታያት!

ዘንድሮ አንበጣ ማሽላውን ጨረሰው። የኢድሪስም ጎተራ ባዶ ሆነ። ትናንት ጉንጩ ጎድጉዶ መጣና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ፤ ራበኝ አለ። ሐሚድ፣ አልዋሽህም፤ ጓዳ ውስጥ ገና ያልተነከረ ሥር ነበረኝ። ሳይነከር የተበላ እንደሆነ ሰው ይገድላል፤ ይህን እሱም ያውቃል። እጄን ወደ ሥሩ ሰደድኩ። ልገድለው ፈልጌ ነበር። ፈቂው እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ፤ አንሳና ጻፍ አልኩት።

ግን ከልጆችህ ምግብ፣ ከንጹሑ፣ ገበታውን ሞልቼ አቀረብኩለት። ባሚያውንም አፈሰስኩበት። እኛ ጋ አቅራቢው ሳይቀምስ እንግዳ እጁን አይዘረጋም። አልቀመስኩለትም። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። እሱ አንዴ ገበታውን ያያል፣ አንዴ እጄን ያያል። ላብ አጠመቀው። የሠራውን ያውቃላ! ሊለምን የመጣ ሰው አንዲት ጉርሻ ሳያነሳ ተነስቶ ሄደ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ያኔ ገበታውን ወደ ራሴ ሳብኩና እያየኝ በላሁ። ቆሞ አየኝ። እስከ መጨረሻው በላሁት ሐሚድ፣ እንዴት ይጣፍጣል መሰለህ!

ነገም ቢመጣ አቀርብለታለሁ፤ ከዚያው ከንጹሑ። ያንተ ነገር ከልቤ እስኪወጣ አልቀምስለትም። ከልቤ ደግሞ አትወጣም።