የዜሮው ውሃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 2፡30

መብራት አለ። ማሽኑን አብርቻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

ለምርመራ ከገጠር ሦስት ጠርሙስ የምንጭ ውሃ መጥቷል። ሥራው ያው ነው። በመጀመሪያ ንጹሑን ውሃ በኳርትዟ ብርጭቆ ቀድቼ ከብርሃኑ ፊት አቆማለሁ፤ ማሽኑን ይህ ዜሮ ነው እለዋለሁ። ቀጥሎ የምንጩን ውሃ። 220 ናኖሜትር፣ ዓይን የማያየው ብርሃን። ከእበትና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚሰርገው ናይትሬት ካለ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ የዋጠው በቁጥር ይወጣል። ሦስቱም ደህና። ፈረምኩ።

አዲሷ ኬሚስት ወ/ሪት ሐያት ከኋላዬ ቆማ ታያለች። የአቀስታ ልጅ ናት፤ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ። ዜሮውን በምን ውሃ እንደማደርግ ጠየቀችኝ። በተጣራ ውሃ። ከየት የመጣ? ከጠርሙስ የመጣ። ጠርሙሱን አንስታ አገላብጣ አየችው። አስተያየቷ ከጥያቄዋ ይብሳል።

አንተ ደብተር ታውቃለህ። ይህ ስፔክትሮፎቶሜትር የሚሉት የብርሃን መለኪያ ማሽን በእርዳታ መጥቶ ሁለት ዓመት በካርቶኑ ተቀምጧል። ዲግሪ ያለው ሁሉ እየዞረው አለፈ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት መመሪያውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ቃል በቃል ፈታሁት። ከጡረታ በኋላ በኮንትራት ያቆዩኝ ለዚህ ነው፤ ለመልኬ አይደለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

የኮሶ በሩ አበጋዝ መጣ። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ። የመንደሩን ምንጭ ኅዳር ላይ መርምሬ ለመጠጥ ይሆናል ብዬ ፈርሜያለሁ። ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ ታማለች፤ ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑን በጣሳ ወተት ነው የሚያሳድጉት፣ ዱቄቱን በምንጩ ውሃ እየበጠበጡ። የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። ጤና ጣቢያው አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ልብ ነው ይለዋል። ከዚያው ምንጭ ጠርሙስ ሞልቶ አምጥቷል።

«ጋሼ፣ ውሃው ደህና ነው ወይ?»

ፈርሜያለሁ እኮ አልኩት። ከሰጋችሁ አፍሉት።

«እናፈላዋለን እንጂ! ግማሹ እስኪተን ነው የምናፈላው።»

እንደሄደ ሐያት ተናገረች። ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፤ ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። እያፈሉ እያወፈሩት ነው። አውቃለሁ! ግን እዚያ ምንጭ ናይትሬት የለም፤ ማሽኑ ለክቶታል አልኳት።

«ማሽኑ የለካው ከእርስዎ ዜሮ በላይ ያለውን ነው፣ ጋሽ ደምሴ።»

ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። ጠርሙሱን ሳልነካው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። የተፈረመ አይመረመርም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዓቢይ ጾም ገባ።

ሐያት ቅዳሜና እሑድ ደሴ ደርሳ መጣች። ላቦራቶሪ ከምትሠራ ጓደኛዋ የታሸገ የተጣራ ውሃ ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።  ወደ መስኮቱ አሻገርኩት። ከምሳ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንደገና አሻገርኩት። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እልኸኛ ናት። እኔን ግን እልህ አታስተምረኝም።

10 ሰ. ላይ ወሬ ደረሰ። የአበጋዝ ልጅ ሆስፒታል ገብቷል፣ ኦክስጅን ላይ ነው። ደሙ ሲቀዳ የቡና መልክ አለው አሉ። ሐኪሙ ምግቡን ትቶ ስለ ውሃው ነው የጠየቀው፤ የሕፃን ደም እንዲህ የሚያጠቁር ናይትሬት ነው።

ሐያት አላየችኝም። ብታየኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ጠዋት 1 ሰ.

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። አፏን ላስይዛት ነው የመጣሁት፤ ለሌላ አይደለም።

የእሷን ጠርሙስ ከፈትኩ። በእሷ ውሃ ዜሮ አደረግሁ። ቀጥሎ የእኔን የተጣራ ውሃ ከብርሃኑ ፊት አቆምኩ። ዜሮ መሆን አለበት።

አይደለም።

ብርጭቆዋን አጠብኩ። ደገምኩ። ሌላ ብርጭቆ። ያው ቁጥር። የእኔ ውሃ ራሱ ናይትሬት አለበት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ምንጭ ላይ ይህን ያህል እየቀነስኩ ኖሬያለሁ።

የአበጋዝን ጠርሙስ አወረድኩ። ከልኩ በላይ፤ እጥፍ ነው ማለት ይቻላል።

መመሪያው ዜሮ የምታደርግበትን ውሃ አስቀድመህ ፈትሽ ይላል። ገጹን አውቀዋለሁ። ለጀማሪ ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚሁ ቀን፣ 5 ሰ.

ኑርዬ ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ተዘግቶ የደሴው ውሃ ሲቀር ከእሱ መግዛት ጀመርኩ፣ ሲከፈትም አልተውኩም፤ ለባትሪ የሚጨመረውን። ጠርሙሱ ላይ «የተጣራ ውሃ» ይላል። ከየት ነው የምታመጣው አልኩት። ዓይኑን አላሸም።

«መንገዱ ክረምት ከተዘጋ ወዲህ የታሸገው መቼ መጣ? ከከብት ገበያው ግርጌ ካለው ጉድጓድ ነዋ። በነጠላ አጥልዬ።»

ከብት ገበያ! የስንት ዓመት እበትና ሽንት የጠጣ መሬት።

ሰው ታሟል አልኩት። ሳቀ።

«አብሽር ጋሼ! እኔ የምሸጠው ለባትሪ ነው። ወላሂ እስካሁን የታመመ ባትሪ የለም።»

 እውነቱን ነው። አጠጣ ያለው ማን ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ለመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጥፋቴን ነገርኩት። ወንበር ሰጠኝ፤ ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም። ደብዳቤው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተይቦ መጣ። «በመሣሪያው ብልሽት ምክንያት የተወሰኑ ውጤቶች ትክክለኛነት…» ፈርም አለኝ።

መሣሪያው አልተበላሸም አልኩ።

«ማሽን አይከሰስ፣ ማሽን አያፍር። ምን ቸገረዎት?»

ያላጠፋ አይወቀስም አልኩት። ግትር ነዎት አለኝ። ነኝ። ስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። እሱ የተቆጣሁት ለማሽኑ መስሎታል። ማሽኑ ከተበላሸ እኮ የኮሶ በር ሰዎች እስኪጠገን ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁ ይጠጣሉ።

ለአበጋዝ ሆስፒታል በር ላይ በዚያ ውሃ ለሕፃኑ ምንም እንዳይበጠብጡ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ፤ ይጻፍ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ናሙናዎች ከሐያት ጋር እንደገና አየናቸው። እሷ ረመዳን ይዛለች፣ እኔ ዓቢይ ጾም። ከሁለታችን የበላ የለም፤ ቀኑ ቶሎ አለቀ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሌሎች ሁለት ምንጮችም ወደቁ። ሕፃናት እንዳይጠጧቸው ለየመንደሩ ስልክ ደወለች። ስልክ የማይሠራው ኮሶ በር ብቻ ነው።

ይቅርታ ልላት ነበር።  የማሽኑን ቁልፍ ሰጠኋት። ተቀበለችና፣ «ሰኞ ዜሮውን አብረን እናደርጋለን» አለች። ልጅ ናት። ሰኞ እኔን የሚያስገባኝ ማን ነው?

ማምሻውን የሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። ሐኪሙ ለሕፃኑ ያዘዘው መድኃኒት ከደሴ ደርሷል። የሕፃኑ ከንፈር ቀልቷል። ተቀመጥኩ። 

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ጠዋት 12፡15

ወስኛለሁ። ዛሬ ኮሶ በር እሄዳለሁ። ሰው ወደ ገበያ ሳይበተን መድረስ አለብኝ። አበጋዝ ትናንት ሚስቱን ሊያይ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ መጀመሪያ ለእሱ፣ ከዚያ ለሁሉም።

የምለውን ስጽፍ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አንዱ ስለ መንገዱ መዘጋት አበዛ። አንዱ ስለ ኑርዬ። አንዱ ስለ ዕድሜዬ። የቀረው ይህ ነው፦ ደምሴ ነኝ። ምንጫችሁን ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለሕፃን አታጠጡ። አፍሉት ያልኩትም ስህተት ነው።

አበጋዝ ቢሰድበኝ አልመልስም። ቢመታኝ…

በሩ ተንኳኳ። ሐያት ናት፤ ጫማዋን አጥብቃ፣ የደሴውን ጠርሙስ ይዛ። በጾም አፍሽ ሁለት ሰዓት መንገድ አትሄጂም አልኳት። ከደጅ ሆና፣ «እየመሸ ነው ጋሽ ደምሴ» ትላለች፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ። ሄድኩ።