ሰርቨሩ አድራሻውን የረሳ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ደብረ ብርሃን።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ ትንሽ ተሻለዎት? ብርዱ ጉልበትዎን አላሠቃየዎትም? እማዬስ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ጀምሮ ወናጎ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። በስልክ አይሰሙኝም፣ ወንድሜ ነብዩ ደግሞ ሲያቀብልዎ ያዛባዋል ብዬ በሆዴ ያለውን ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሁን በኮምፒውተር ሆኗል። ትምህርት ቤታችን እንዲፈትን ከተፈቀደለት ልጆቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ ይፈተናሉ፤ ካልተፈቀደለት ዲላ ተወስደው እስኪጨርሱ እዚያው ያድራሉ። ሳምራ የምትባል ተማሪ አለችኝ። እናቷ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ የምታገላብጣት እሷ ብቻ ናት። "ቲቸር፣ ዲላ ከሆነ እኔ እቀራለሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ኮምፒውተር የማስተምረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዝግጅቱ እኔ ላይ ወደቀ። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። እዚያ ላይ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማሠሪያ ጭኜ ሰርቨር አደረግሁት። ጥያቄዎቹ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ የልጆቹ ኮምፒውተሮች በገመድ ከእሱ ይቀበላሉ። እንዲያገኙት ግን የማይለዋወጥ አድራሻ ያስፈልገዋል። እርስዎ ዕድሜዎን በፖስታ ቤት ስለጨረሱ፣ አድራሻ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ አሰፋች የሚባሉ ባለሙያ ለፈቃዱ ከዞን ሊገመግሙን መጡ። ልጆቹ የሙከራ ፈተናውን ጀምረው ሁሉም ነገር ሲያምር መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ "ሰርቨሩ አልተገኘም" ይላሉ። ለካ አድራሻውን የሰጠሁት ለጊዜው ብቻ ኖሯል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ የሚያነበው ፋይል ላይ በቋሚነት አልጻፍኩትም። ርእሰ መምህሩ አቶ ከፈለኝ ላብ በላብ ሆነው "ሔለን፣ ምን ጉድ ነው?" ይሉኛል። ፋይሉን ከፍቼ አድራሻውን ጻፍኩት፤ እምቢ አለ። ደገምኩት፤ አሁንም እምቢ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ፊደሉ አልታይሽ አለኝ። ሳምራ ውኃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና "ቀስ በይ ቲቸር፣ እንጠብቃለን" አለችኝ። ጠጥቼ ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር አነበብኩ። እዚህ ፋይል ላይ ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል፤ ለካ አንዱ መስመር መጀመሪያው ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ጎድላዋለች! እሷን ሞላሁ፤ ጥያቄዎቹም ተመልሰው መጡ።

ወይዘሮ አሰፋች "በቃ፣ ሠርቷል" ብለው ቦርሳቸውን አነሱ። እኔን ግን ሆዴ አላምን አለኝ። በዋናው ፈተና መሀል እንዲህ ቢሆንስ? "ይቅርታ፣ መብራቱን እኛው አጥፍተን እንየው" አልኩ። አቶ ከፈለኝ "አብደሻል እንዴ?" ብለው አንሾካሾኩብኝ። ወይዘሮዋ ግን ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡና "ይጥፋ" አሉ። ቆጣሪው ጋ ሄጄ በገዛ እጄ አጠፋሁት። መልሼ አበራሁትና እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ከክፍሉ ውስጥ ሳምራ "መጣ! ቲቸር፣ መጣ!" ብላ ስትጮኽ ሰማሁ።

ትናንት ፈቃዱ ደረሰን፤ ጄኔሬተር እስከ ሰኔ እንድናቀርብ ግን ታዘናል፣ እሱ ገና አልተገኘም። የሳምራ እናት ከአልጋዋ ሆና ምርቃት ልካልኛለች። እኔ ግን አሁንም ደመና በዞረ ቁጥር ቀና ብዬ አምፖሉን አያለሁ። አባባ፣ በጸሎትዎ አይርሱኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ነብዩን፣ ባለቤቱን ሰላማዊትን፣ ትንሿን ኤልቤቴልን በያሉበት ናፍቄያቸዋለሁ። እርስዎም ብርድ ሳይመታዎ፣ ጋቢዎን ደርበው ይቆዩኝ።

ልጅዎ ሔለን
ወናጎ፣ ጌዴኦ ዞን
መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.