ምድጃው ጠፍቷል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሁለት ሸሚዝ አጠብኩ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ከመንገዱ መታጠፊያ ተመለስኩ። ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን? ጠፍቷል። በእጄ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እንደገና ወጣሁ። እንደገና ተመለስኩ። ያው።

ዳቦ ቤት አንዱ ትሪ ጣለ። ዳቦዬን ሳልቀበል ወደ በሩ ሸሸሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ሲጎተት፣ በር ሲላተም፣ ስድሳ ልጅ በአንድ አፍ ሲጮህ ጠመኔዬን ሳላቆም የጻፍኩ ሰው… በትሪ?

ቤት ስገባ ከደረቴ ሙቀት ተነስቶ ፊቴን ለበለበው። በዚህ ብርድ መስኮት ከፈትኩ። የለበስኩት ሸሚዝ በላብ ራሰ። ሦስተኛ ሸሚዝ ለማጠብ ተነሳሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ከሥሩ ልጻፈው።

ፕሮስቴት ዕጢዬ ላይ ካንሰር አለ። ሐኪሙ እንዳለው የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ነው። በየሦስት ወሩ የምወጋው መርፌ ሆርሞኑን ያደርቀዋል፤ እብጠቱ ምግቡን ያጣል። ገባኝ። እንዲያውም ሐኪሙ ሲስልልኝ ዕጢዋን ያለ ቦታዋ ስላስቀመጣት እርሳሱን ተቀብዬ አስተካከልኩለት። ሳቀ።

ይህን ትምህርት በቀይ ጠመኔ ስንት ዓመት ሳልኩት… ሆርሞን መልእክተኛ ነው፤ በደም ተሳፍሮ ይሄዳል፤ በሩን የከፈተለት ቤት ሁሉ ይገባል። መጽሐፉ ላይ “አንጎል ውስጥም እንዲሁ” የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ፈተና ላይ ስለማትመጣ እንዘላት ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ልጄ ደወለች። የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

“አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?”

“ጉንፋን።”

“ባለፈውም ጉንፋን ነበር።”

“ያው እሱ ነው። አልወጣም አለ።”

ስለ መርፌው ታውቃለች። ስለ ፍርሃቱ አታውቅም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? አባትሽ ትሪ ይፈራል?

ከዘጋች በኋላ ሬዲዮ ከፈትኩ። ነገ ከፊል ደመናማ ነው አሉ። አለቀስኩ። ለከፊል ደመና የሚያለቅስ ሰው…

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ወሰንኩ። የፊታችን ማክሰኞ መርፌውን አልወጋም።

ተማሪዎቼን ያስተማርኩት ነው፦ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሌላውን እንዳለ ተው። ምግቤ ያው፣ መኝታዬ ያው፣ መርፌው ብቻ ይቀራል። ፍርሃቱ ከሄደ ጥፋቱ የመርፌው ነው። ካልሄደ… እኔው ራሴ ነኝ ማለት ነው። አርጅቼ ፈሪ ሆኛለሁ።

እስከዚያ እብጠቱ ሊያድግ እንደሚችል አውቃለሁ። ግን የምድነው እንዲህ ሆኜ ልኖር ነው? ጥላዬን እየሸሸሁ?

ለማንም አልተናገርኩም። ደግሞ ለማን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አልሄድኩም። መርፌውን የምትወጋኝ ነርስ ደወለች።

“አባባ፣ ዛሬ ቀጠሮ ነበረዎት።”

“አባባ አትበይኝ።”

“እሺ፣ መምህር። ምነው ቀሩ?”

“እንግዳ አለብኝ።”

ስልኩን አስቀምጬ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ውሸትም አይደል… እንግዳው ደረቴ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ሂድ ቢሉት አይሄድም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መጣ። መስኮቱን ስከፍት ከግቢው ማዶ ልብስ ሰፊዋም የሱቋን በረገደችው። እጅጌዋን ሰብስባለች፤ ልብስ በምትቀድበት ካርቶን ታራግባለች። ስንት ዓመት ጎረቤት ነን፤ ከ“እንደምን አደሩ” አልፈን አናውቅም።

“ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ምነው?”

“አንቺስ?”

“እኔማ ዕድሜ ነው። የወር አበባዬ መቼ ብቻውን ሄደ፤ እንቅልፌን አንጠልጥሎ ነው የሄደው።” አፏን ያዘች። “ውይ፣ ለእርስዎ እንዲህ ይባላል?”

“ሳይንስ ነው። ቀጥይ።”

ሳቀች። ጠየቅኳት። “ፍርሃትስ?”

ማራገቧን አቆመች። “ማን ነገረዎት?”

“ማንም።”

“መቀሱን ይዤ ጨርቁ ላይ እቆማለሁ… መቁረጥ ያቅተኛል። ስለካ፣ ደግሜ ስለካ እውላለሁ። ባሌ ‘ምን ጎደለብሽ?’ ይለኛል።”

“ሆርሞን በዪው።”

ከመስኮት መስኮት አስረዳኋት። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደነበረው ሆነ። አንጎል ውስጥ ለውዝ የምታህል ክፍል አለች፤ አደጋ ስታይ፣ ሌባ እንዳየ ዘበኛ፣ ደወል ትመታለች። የሴቱም የወንዱም ሆርሞን እጇን ያዝ ከሚያደርጓት ነገሮች አንዱ ነው። ድንገት ሲጎድል ደወሉ በትንሹም በትልቁም ይጮሃል። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ግን።

“ታዲያ ሌባ የለም?”

“ደወሉ እውነት ነው። የሌለው ሌባው ነው።”

ካርቶኑን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “እኔ እኮ አበድኩ ብዬ ነበር” አለችኝ።

የእኔንም ነገርኳት። መርፌውን፣ ምድጃውን፣ ሙከራዬን። ሙከራውን ስነግራት ትንሽ ኮራ ሳልል አልቀረሁም።

“እብጠቱስ፣ ጋሼ? ሙከራ ላይ መሆኑን ያውቃል?”

የመስኮቱን መቀርቀሪያ ነካካሁ።

“ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም” አለች፣ መስኮቷን እየሳበች። “እርስዎ ፈታኝ፣ እርስዎ ተፈታኝ። ማን ሊያርመው ነው?”

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ነርሷ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳት፣ ትሪውን ሳይቀር።

መድኃኒቱ ቀጠሮው ቢያልፍም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ሆርሞኑ እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል አለች። እንግዲያው እየጠበቅኩ ብቀመጥ ምንም አላውቅም ነበር… እብጠቱ ብቻ ይጠቀማል። ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

“ወንዶቹ ሁሉ ይደብቁናል” አለች። “ሙቀቱን ይነግሩናል፣ ፍርሃቱን ይውጡታል። ለእሱም እኮ የሚረዳ ነገር አለ፣ አባ… መምህር።”

ለማክሰኞ ቀጠረችኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ለልጄ ነገርኳት።

“እስከዛሬ ለምን ደበቅከኝ፣ አባዬ?”

“ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ።”

አልገባትም። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ዛሬ ደመናው ሙሉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ወጣሁ። ከመታጠፊያው ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየችኝ።

“ምድጃው?”

“ምድጃው።”

“ቁልፉን ይወርውሩት። እኔ አየዋለሁ። እርስዎ ይሂዱ።”

ወረወርኩት። በሽርጧ ቀለበችው። መታጠፊያውን አለፍኩ… ምን ልሁን፣ አለፍኩት።

መርፌውን ተወጋሁ። ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ይህን ጊዜ አልሳቀም። ለጭንቀቱ አንድ ክኒን ጨመረልኝ፤ ቶሎ አይሠራም፣ ይታገሡ አለኝ። ትዕግሥትስ አለኝ።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንዱ በሩን ወረወረው። ክው አልኩ። ደወሉ አለ እንግዲህ። ዛሬም ነገም ይኖራል።

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ሄዳለች። ቁልፉን በሬ ላይ ሰክታ ትታዋለች። ሌባ የለም ማለቷ ይሆን?

ካፖርቴን ሳላወልቅ ምድጃውን ነካሁ። ሞቅ ብሏል። እጄን አነሳሁ… ላዩ ላይ የማላውቀው ድስት አለ። ከፈትኩት። ሾርባ።

ባለችኝ አንድ ወንበር ተቀምጬ ጠጣሁ። ማዶ መስኮቷ ጨለማ ነው። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ፣ ምድጃው እስኪቀዘቅዝ እጄን ላዩ ላይ አኖርኩ።