የውሃ አባት የሆንኩበት በጋ

ጥር 14
ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። ... እሺ፣ ከዋርካው እስከ ወንዙ። እሺ፣ እቤታችን ውስጥ። ባለቤቴ በሰለች ፊደል አልቆጠረች፣ ፍየሎቹም ገና ናቸው።
የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ቲቸር ትርሲት «ጋሽ ባየው፣ ዝም ብለህ ጻፍ፣ አለዚያ እጅህ ይረሳዋል» አለችኝ። ምን ልጻፍ? ሽንኩርት አረምኩ። ፀሐይ ነበር። ይኸው።

ጥር 19
ሬዲዮ ሰማሁ። አንድ የነጭ አገር አለ አሉ፣ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ የሚኖርበት። ማን ይሾም ማን ይቅር ሲባባሉ ያለ መንግሥት ከዓመት በላይ ከረሙ። በሳቅ ሞትኩ። እኛ ዘንድ ቢመጡ በአንድ ጠዋት ጨርሰን እንሸኛቸው ነበር!
በአንድ ጠዋት እንኳ አይሆንም... ግን ሥርዓት አለን። ወንዙ አንድ ነው። ላይ ሰፈር እኛ አማሮቹ፣ ታች ሰፈር አርጎባዎቹ። ውሃውን በተራ የሚያካፍል የውሃ አባት በየበጋው አለ፤ አንድ ዓመት ከእኛ፣ አንድ ዓመት ከእነሱ። ከእኛ ሲሆን መራጮቹ እነሱ ናቸው። ከእነሱ ሲሆን እኛ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ደረሱበት።
ዘንድሮ ከእኛ ነው። ነገ ታቾቹ ይመርጣሉ።
የበሰለች ወንድም አንተነህ ጦፏል። «የምንበዛው እኛ! እጅ አውጥተን ራሳችን እንምረጥ። የእኛን ሹም እነሱ የሚመርጡልን በየት አገር ነው?»
«አንተ እጅህን የምታወጣው ትሪ ሲቀርብ ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ጥር 20
እኔን መረጡኝ!!!
ዋርካው ሥር ተቀምጠን የታቾቹ ሽማግሌ ሼህ ጦይብ ከሰዎቻቸው ጋር በአርጎብኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ በአማርኛ «ባየው ይሁን» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ፣ ሌላ ባየው ካለ ብዬ።
ሲበተን ጠጋ አልኳቸው። «ሼህ፣ ምን አይታችሁ ነው?»
«ባየው፣ አንተ ትዋሻለህ። ግን የምትዋሸው ሰው ፊት ነው። ተደብቀህ ስትዋሽ ሰምተን አናውቅም» አሉኝ።
እየዘለልኩ ቤት ገባሁ። በሰለች ሹመቴን ስትሰማ፦ «የውሃ አባት ማሳ መጨረሻ እንደሚጠጣ ታውቃለህ አይደል?»
ረስቼው ነበር።

የካቲት 3
ሹመት ደስ ይላል። ዱላ ቆረጥኩ። ከታቾቹ በኩል የተመደበልኝ ኑርዬ ነው፣ አብረን ከብት የጠበቅን። ያለ እሱ እሺታ ቦይ አልዘጋም፣ ያለ እኔ አይከፍትም።
ዱላዬን አይቶ «ይሄ ምንድነው? ውሃውን ልትገርፈው ነው?» አለኝ።
«ላንተም ይበቃል።»
«ወላሂ፣ የላይ ሰፈር ሰው ሲሾም ቁመቱ ይጨምራል!»
እውነት ጨምሬ ይሆን? በሰለችን ጠየቅኋት። «ሆድህ ነው» አለች።

የካቲት 16
ውሃው ቀጥኗል። ዛሬ የታቾቹ ተራ ነበር። አንተነህ ከጓደኞቹ ጋር ቦዩን ሰብሮ ወደ በቆሎው መለሰው። ኑርዬ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል፤ ከኋላው የታች ሰፈር ጎረምሶች ይመጣሉ። ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ሣር... ደፈንኩት።
«የእነሱ ሹም!» አለኝ አንተነህ።
«አዎ፣ የእነሱ ሹም ነኝ። አንተ ብትመርጠኝ ኖሮ አሁን እፈራህ ነበር።»
ዶማውን አንሥቶ ሄደ። እኔም ደነገጥኩ። ከየት አመጣሁት? ለካ ይሄን ሥርዓት ያወጣው ሰው ሞኝ አልነበረም...

የካቲት 24
ሽንኩርቴ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ልጃችን ሰርካለም ደብረ ብርሃን የምትማረው በዚህ ሽንኩርት ነው። በሰለች ታየዋለች፣ አትናገርም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 25
ጎህ ሲቀድ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ጥቂት ብቻ... የሰው ተራ ሳይጀምር ትንሽ ባዞረው ማን ያያል?
ቦዩ ጋ ስደርስ በሰለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች!
«ወዴት ነው?»
«ቦዩን ልይ ብዬ... የዘጋው ነገር ካለ...»
«አንተን አላውቅህም? ዶማውን ወዲህ በል።»
«ልጅቷስ? የቤት ኪራይዋስ?»
«ፍየሎቹ ይሸጡ። ልጄን በተሰረቀ ውሃ አላስተምርም።»
ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። ምን ላድርግ?

የካቲት 29
ፍየሎቹ ተሸጡ። ጓሮው ጭር አለ። የሚሰማኝ አጣሁ፣ ለነሱ ነበር የማነበው።

መጋቢት 9
ዛሬ በታቾቹ ተራ ውሃው ወደ እኔ ማሳ ሲመጣ አየሁ። ዶማዬን ይዤ ሮጥኩ። «ማነው የሰበረው?!»
ኑርዬ ነው፣ ሱሪውን ጠቅልሎ። «ከራሴ ተራ ቀንሼ ነው። ሥርዓቱ የውሃ አባት አይቅደም አለ እንጂ ሰው አይስጠው አላለም።»
«የላይ ሰፈር ሰው ሳያይ አልቀበልም። ነገ ባየው ተሞዳሞደ ይሉኛል።»
«አውቄ ጠርቻለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ጠቆመኝ።
አንተነህ! ቆሞ ያያል። ጫማውን አወለቀ፣ ዶማውን ከእጄ ተቀበለኝና ውሃውን በየመደቡ ያስገባው ጀመር። ግማሹ ሽንኩርት ሞቷል። ግማሹ ይተርፋል።
ጭቃው ፊቴ ላይ ስለነበር እንባ ይሁን ውሃ ማንም አልለየም። እኔም አልለየሁም።

ሰኔ 2
ዝናብ ጣለ። ሹመቴ አለቀ። ቁመቴም ተመለሰ።
ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የሚመጣው በጋ የውሃ አባት ከታቾቹ ነው፣ መራጮቹ እኛ፤ ጥርን ሳንጠብቅ ከወዲሁ እንምረጥ ተባለ። ማን ተነሣ? አንተነህ። «ኑርዬ ይሁን» አለ።
«እጅ እናውጣ ስትል አልነበር?» አልኩት።
«ዝም በል፣ ተሽረሃል!»
ሰው ሳቀ። አሁን እሱም ሳቀ።
በሰለች ቲቸር ትርሲት ዘንድ ተመዘገበች። ሀ ሁ ሂ ስትል ሰማኋት... ትፈጥናለች። ክረምቱ ሳይወጣ ይሄን ደብተር ታነበዋለች። ስለዚህ ሳትቀድመኝ ላርመው፤ በእሱም ከቀደመችኝ አለቀልኝ። እዚህ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ። ሼህ ጦይብ ስለ ውሸቴ ያሉት... አላሉም። እኔ ነኝ ያሳመርኩት። «ምን አይታችሁ ነው?» ስላቸው የመለሱልኝ ይሄን ነበር፦
«አንተን ማን መረጠ? እኛ የመረጥነው የበሰለችን ባል ነው።»