መብራቱን ያለጊዜው ያበራሁ ዕለት

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ለትልቋ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባቴ ብዕር አነሣ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ ሰው የለም።

እሑድ ከሰዓት አዳራሻችን ውስጥ አራት ሳክስፎን ነፊዎች ዝግጅት ነበራቸው። ጠዋት ልምምዳቸው ላይ እንድገኝ አለቃቸው፣ ትንሿን ሳክስፎን የምትነፋው ሴትዮ፣ ለምናኝ ነበር። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት መብራት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ ብዬ ተኮፈስኩና ኮሪደር ላይ አምፖል ስቀይር አረፈድኩ። የዝግጅቱን ቅደም ተከተል ጽፋ የሰጠችኝንም ወረቀት ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት። መቼም ታውቂኛለሽ።

የእኔ ደንብ አንድ ነው፤ ድምፅ ሲቆም እስከ አምስት ቆጥሬ የአዳራሹን መብራት አበራለሁ። ዝግጅቱ መሀል ላይ አራቱም በአንዴ ጸጥ አሉ። ቆጠርኩ፣ አበራሁ። አንዱ አጨበጨበ፤ ሰዉ ካፖርቱን ማንሣት ጀመረ። ቀና ብዬ ሳይ ነፊዎቹ ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አላወረዱም፤ እርስ በርስ እየተያዩ ይጠብቃሉ። ክው አልኩ። መልሼ ላጥፋው ብል የባሰ መዘባረቅ መሰለኝ፤ እጄን ማብሪያው ላይ እንዳደረግኩ ደርቄ ቀረሁ። የተነሡት ሰዎች ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሦስት መቶ ሰው በሙሉ ብርሃን ቁጭ ብሎ የሚያየው ቢያጣ ጎኑ ያለውን ሰው ማየት ጀመረ። የማይተዋወቁ ሰዎች ፈገግ ተባባሉ። ቆይቶ ትልቁ ሳክስፎን በቀስታ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሲያበቃ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሳቀች።

“ጋሼ፣ ፊታችንን ቢያዩት እኮ እንዳልጨረስን ይገባዎት ነበር።”

“እኔ የማየው ማብሪያዬን ነው” አልኳት።

“እሱንማ አየነው!” አለችኝ።

ቤት ስገባም ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ሠርግሽ ላይ አልገኝም ብዬ ከቀረሁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ስትደውዪ ስልኩን እኔ ካነሣሁት ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ከዚያ “እናትሽን ላቅርብልሽ” ብዬ አስረክባለሁ። ዝምታሽን፣ ከአባቴ ጋር ጨርሻለሁ ማለቷ ነው ብዬ ወስጄው ነበር። ግን አንድም ቀን ስልኩን ዘግተሽብኝ አታውቂም። ዝም አይነቅዝም ሲሉ አምኜ ኖሬያለሁ። ይነቅዛል፣ ልጄ። ባልሽን ሳላውቀው ጠላሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በጣም ናፍቀሽኛል።

የአሥር ቀን ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ዝም ካልሽኝም እመጣለሁ። የምቀረው አትምጣ ካልሽኝ ብቻ ነው።

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ። ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፤ ይህ በሠርጋችሁ ዕለት ቆሜ ልመርቃችሁ የሚገባኝ ምርቃት ነበር።

አባታችሁ